የእንግሊዝ ታንኮችና አንድ ስም

እንግሊዝ አገር ሄጄ አላውቅም። ታንክ ውስጥም ገብቼ አላውቅም። ግን በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ኦክላንድ ውስጥ ባለ ኮሌጅ፣ የእንግሊዝ ጦር ከባድ ታንኮቹን ይቀንስ ወይስ እንዳሉ ያቆያቸው በሚል ጉዳይ ሰው ፊት ቆሜ ተከራክሬ አሸንፌአለሁ። ያሸነፍኩበትን መንገድ ባስታወስኩ ቁጥር ዛሬም ፊቴ ይግላል። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶም ይግላል።

ነገሩ የንግግር ክፍል ዋና ፈተና ነበር። መምህሩ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ሸሚዙን የማይተኩስ ሰው ነው። «አሜሪካንን የሚመለከት ርዕስ ከሰጠኋችሁ ከቴሌቪዥን የለቀማችሁትን ነው የምትመልሱልኝ፤ የሌላ አገር ጉዳይ ከሆነ ግን ሳትወዱ ታነባላችሁ» ብሎ ርዕሶቹን በወረቀት ጽፎ ባርኔጣ ውስጥ ከተታቸው። አንዱ የጃፓን ሩዝ ደረሰው፣ አንዱ የካናዳ ዓሣ። ለእኔ የእንግሊዝ ጦር ወጣ። ወገንም በዕጣ ነበር፤ «ይቀንስ» የሚለው ደረሰኝ። «አይቀንስ» የሚለው የደረሳት ፍሩትቬል ከሚባለው ሰፈር የምትመጣ የሜክሲኮ ልጅ ነበረች። ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እየሠራች ከሰዓት የምትማር፣ ሳቂታ፣ ግን ደብተሯን ስትገልጥ ፊቷ የሚለወጥ ልጅ ናት። ፈራኋት።

ክርክሩ እንዲህ ነው። እንግሊዞች ለብዙ ዓመታት ከባድ ታንኮቻቸውን ጀርመን ሜዳ ላይ ደርድረው ሩሲያን ሲጠብቁ ኖሩ። የበርሊን ግንብ ፈረሰ፤ ሩሲያም ጓዟን ጠቅልላ ሄደች። አሁን ያ ሁሉ ብረት ምን ያደርጋል? አንዱ ወገን፣ ታንኩ ይቀነስ፣ የቆዩት ክፍለ ጦሮች እርስ በርስ ይዋሃዱ፣ በምትካቸው በጎማ የሚሄዱ፣ አውሮፕላን የሚጭናቸው ቀላል ብረት ለበሶች ይገዙ፤ የዛሬ ጦርነት ቦስኒያ ነው እንጂ ጀርመን አይደለም ይላል። ሌላው ወገን፣ ብረቱንስ ገንዘብ ካለ መልሶ መግዛት ይቻላል፣ ለዓመታት አብሮ የኖረን ጦር ግን አንዴ ከበተኑት መልሰው አይሰፉትም ይላል። ለእኔ ሁለቱም ያው ነበር። እኔን የጨነቀኝ ሳን ሆዜ ያለው ዩኒቨርሲቲ እንዲቀበለኝ ከዚህ ክፍል «ኤ» ማግኘቱ ነበር፤ እንግሊዝኛዬ ደግሞ ሰው ፊት ስቆም ይሸሸኛል።

በዚያን ጊዜ ሳን ሊያንድሮ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር ተጋርቼ ነበር የምኖረው። ጋሼ እላቸዋለሁ። በሱዳን በኩል የመጡ፣ መሐል ከተማ ፓርኪንግ የሚጠብቁ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። ወታደር እንደነበሩ የማውቀው ብርድ ልብሳቸውን ከሚያነጥፉበት አኳኋን ብቻ ነው። ሳንቲም ቢጥሉበት ይነጥራል። ስለ ውትድርናቸው ጠይቄአቸው አላውቅም። በዚያን ጊዜ ከአገር ቤት የወጣ ሰው ለሌላው የሚያደርግለት አንድ ትልቅ ቸርነት ቢኖር ያለፈውን አለመጠየቅ ነው።

አንድ ቀን ከሥራ ሲገቡ ከላይብረሪ ፎቶኮፒ ያደረግኩትን ወረቀት የምግብ ጠረጴዛው ላይ አዝረክርኬ አገኙኝ። የታንክ ፎቶ ያለበትን አንስተው አተኩረው አዩት።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«የትምህርት ቤት ነው ጋሼ። ዲቤት አለብኝ። እንግሊዞች ታንካቸውን መቀነስ አለባቸው ብዬ ልከራከር ነው።»

«አንተን አማክረው ነው?» አሉና ሳቁ። ሲስቁ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር ማለት ይቻላል። ጃኬታቸውን ወንበር ላይ ሰቅለው ተቀመጡ። «ታንክ ነድቻለሁ እኮ» አሉ፤ አውቶቡስ ነድቻለሁ በሚል ድምፅ።

ከዚያ በኋላ ለሦስት ቀን እራት ከመብላታችን በፊት አስተማሩኝ። ቀዩ ሽንኩርት ታንክ ሆነ፣ ነጭ ሽንኩርቱ እግረኛ፣ የዘይት ጠርሙሱ ነዳጅ ጫኝ፣ ማንኪያው ወንዝ። «ታንክ ብቻውን አይወጣም» ይላሉ፣ «እግረኛ ከሌለው ዕውር ነው። ነዳጅ ከቀረ አንድ የብረት ቤት ሠራህ ማለት ነው። እንግሊዞችህ ስንት ሽንኩርት እንዳላቸው አትቁጠር፤ ሽንኩርቱን ማን እንደሚከተለው ጠይቅ።» እየጻፍኩ አሾፍኩባቸው፤ እሳቸውም አሾፉብኝ። በሦስተኛው ቀን ከሽንኩርቶቹ ወጥ ሠራን።

በዚያው ቀን ነው ስለ መዋሃዱ የጠየቅኳቸው። ክፍለ ጦሮቹ ቢዋሃዱ ምን ይጎዳል? አልኳቸው። ሰው ያው ሰው ነው፣ ታንክም ያው ታንክ። ሽንኩርት የሚልጡበትን ቢላ አስቀመጡ።

«ሰው ያው አይደለም» አሉ። ቀጥለው የነገሩኝን አሳጥሬ ልጻፈው፤ እሳቸውም አላረዘሙትም።

ታንክ ውስጥ አራት ሰው ነው ያለው። አዛዡ፣ ተኳሹ፣ ለመድፉ ጥይት የሚያጎርሰው አጉራሽና ነጂው። የእሳቸው አራት ሰዎች ሁለት ዓመት አብረው ኖረዋል፤ አንዱ ሲያስል ማን እንደሆነ ሳያዩ ያውቃሉ። ከአንድ ውጊያ በፊት ሰው ያለቀባቸው ክፍሎች ተዋሃዱ ተባለና አራቱ አራት ቦታ ተበተኑ። እሳቸው ሌላ ታንክ ላይ ተመደቡ። አጉራሹ በዕድሜ የሚበልጣቸው፣ ከጥጥ እርሻ ለብሔራዊ ጥሪ የመጣ፣ ሲመሽ የደረሰ ሰው ነበር። ሲጋራ ሰጡት። ሴት ልጅ አለችኝ አላቸው። ስሙን ነገ እጠይቀዋለሁ ብለው ተኙ። ጎሕ ሲቀድ ተንቀሳቀሱ፣ ብዙም ሳይሄዱ ታንኩ ተመትቶ ተቀጣጠለ። አዛዡና ተኳሹ ወዲያው ሞቱ። እሳቸው በራሳቸው ክዳን ወጡ። አጉራሹ ከውስጥ ይጮህ ነበር።

«ልጠራው ፈለግኩ» አሉ ጋሼ። «በዚህ በኩል ና ልለው ፈለግኩ። ማን ልበለው? አንተ ልበል አንቱ ልበል እንኳ አላወቅኩም። የገዛ ጓደኞቼ ቢሆኑ አፌ ራሱ ይጠራቸው ነበር፤ ስጠራቸው ደግሞ እግሬም ይመለስ ነበር። ያን ሰውዬ ግን ቆሜ ሰማሁትና ሄድኩ።»

የከበዳቸው ሌላም ነገር ነበር።

«ፍትሐት እንኳ አላስፈታሁለትም። ካህኑ ስመ ክርስትናውን ይጠይቁኛላ! ማን ልበላቸው? አንድ ሰውዬ ልበላቸው?» ቢላውን አነሱ። «ይቺ ለወረቀትህ አይደለችም። የነገርኩህ ስለጠየቅከኝ ነው።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ከልቤ ነበር እሺ ያልኩት። ክፉ ሰው ሆኜ ቢሆን ኖሮ ይህን መጻፍ ይቀለኝ ነበር።

ፈተናው ሐሙስ ከሰዓት ነበር። መምህሩ ቤተሰብ መጋበዝ ይቻላል ብሎናል። እኔ ቤተሰብ የለኝም፤ ለጋሼ ቀኑን የነገርኳቸው እንዲሁ ለወግ ነው። ገብቼ ስቀመጥ ግን የመጨረሻው ረድፍ ላይ ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አየኋቸው። የሥራ ፈረቃቸውን ለሌላ ሰው ሰጥተው ነው የመጡት። ልጅ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ከኋላው ሰው ሊኖረው ይገባል ብለው።

ልጅቷ ቀደመች። እግዜር ያሳያችሁ፣ ጋሼ ያስተማሩኝን በሙሉ ከመጽሐፍ አግኝታዋለች። ስለ ብረት ብዙም አልተናገረችም። የተናገረችው ስለ ሰው ነው፤ አብረው የኖሩ ወታደሮች ተበትነው ከማያውቁት ሰው ጋር ሲቀላቀሉ ምን እንደሚጠፋ። ክፍሉ ጭጭ ብሎ ሰማት። ስነሳ ስለ አውሮፕላንና ስለ ጎማ የጻፍኩት ሁሉ ቀሎ ታየኝ። ደግሞም ቀላል ነበር። መሐል ላይ እንግሊዝኛዬ ጥሎኝ ሄደ። አንዱ ሰዓቱን አየ።

ያን ጊዜ ነው አፌ የተከፈተው። አብሮኝ የሚኖር አንድ ሰው አለ አልኩ። ከባድ ታንክ ነጂ ነበር። ከዚያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ክዳኑን፣ እሳቱን፣ ጩኸቱን። መዋሃዱን ግን ዘለልኩት፤ እሱ የልጅቷ ወገን ነዋ! በእኔ አፍ ታሪኩ የሚለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከባድ ብረት የሚንቀሳቀስ የሬሳ ሣጥን ነው፤ እንግሊዞች ልጆቻቸውን ከዚያ ያውጡ። እንግሊዝኛዬ ተመልሶ መጣ። እንዲያውም እንደዚያን ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ተቃራኒ ሦስት ጥያቄ ይፈቀድለታል። ሁለቱን ረስቻለሁ። ሦስተኛውን ስትጠይቅ ደብተሯን ዘግታ ነበር። ድምፅዋም የክርክር አልነበረም።

«የሞተው ሰው ስሙ ማን ነበር?»

እውነቱን ብናገር ተሸነፍኩ። «አይታወቅም፤ ነጂው ያገኘው ከአንድ ቀን በፊት ነው» ብል ያ የእሷ ክርክር ነው፣ ከእኔው ቤት የወጣ ምስክር ነው። እዚያው ቆሜ፣ ዓይኔ ጋሼን እንዳያይ እየሸሸሁ፣ ስም ጠራሁ። መጀመሪያ ምላሴ ላይ የመጣውን። የአባቴን ስም። አባቴ አዲስ አበባ በሕይወት አሉ፤ ስማቸው ለዓለምም ለክርስትናም የሚሆን፣ «ገብረ» ብሎ የሚጀምር ዓይነት ነው። እኔ በአሜሪካ ወረቀቴ የምጠራው በአያቴ ስም ስለሆነ ክፍሉም ጋሼም አያውቁትም። ሙሉውን እዚህ አልጽፈውም፤ በቂ በደል ደርሶበታል። «እንደ ወንድማማች ነበሩ» ብዬ ጨመርኩበት። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ «አዝናለሁ» አለች። ክፍሉ እጅ እያወጣ ድምፅ ሲሰጥ በብልጫ አሸነፍኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ? እኔ የፈራሁት ጋሼ ታሪካቸውን አደባባይ በማውጣቴ ይቀየሙኛል ብዬ ነበር። በባቡር ወደ ሳን ሊያንድሮ ስንመለስ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ስሙን ከየት አገኘኸው?»

አልገባኝም።

«እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል፣ ብዙ አልሰማሁም። ስለኛ እንደምታወራ ግን ገባኝ። አትናገር ብዬህ ነበር፤ ተቀይሜህም ነበር። ከዚያ ስሙን ስትጠራው…» ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ያን ሁሉ የጦር ወረቀት ስታገላብጥ የነበረው ለዚህ ኖሯል? እዚያ ላይብረሪ የኛም ጦር ዝርዝር አለ?»

እዚያ ላይ ነው እንግዲህ። ክፍሉ ውስጥ የዋሸሁት ደንግጬ ነው፤ ባቡሩ ውስጥ አልደነገጥኩም። ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ያዩኝ ነበር፤ አሳዘኑኝም፣ አሳፈሩኝም፣ መውጫውም በጣም ቀላል ነበር።

«አዎ ጋሼ፣ ዝርዝር አለ» አልኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ኦክላንድ ውስጥ በኪራይ የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ካህኑ የሚታሰቡ ሙታንን ስም ጠሩ። አራተኛው የአባቴ ስም ነበር። ምእመኑ በአንድ ድምፅ «ነፍስ ይማር» አለ። የእኔም አፍ ከልማዱ አብሮ አለ። በቁሙ ያለ አባቴን ነፍስ ይማር አልኩ። ጋሼ አጠገቤ ተንበርክከው፣ ግንባራቸውን መሬት አስነክተው ቆዩ። ሲነሱ ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ተቃቀፍን።

ከደጅ ካለው ስልክ በካርድ አዲስ አበባ ደወልኩ። ራሳቸው አባቴ አነሱት።

«ምነው? ምን ሆነሃል?»

«ምንም። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።»

«ለድምፅ ይሄን ያህል ብር?» ብለው ተቆጡና ውሃ ከጠፋ ሦስተኛ ቀኑ እንደሆነ፣ የጎረቤት ውሻ እንቅልፍ እንደነሳቸው ነገሩኝ።

ያም ሆኖ ዝም ብዬ ልኖር እችል ነበር። አሥር ቀን ኖሬአለሁም። ያናገረኝ የልጅቱ ነገር ነው፤ የሟቹ ሴት ልጅ። ጋሼ አንድ ቀን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ። «ስሙ ከተገኘ ዘመዱም አይጠፋም» አሉ። «ደብዳቤ እንጻፍ። አዲስ አበባ የማውቀው አንድ የድሮ የጦሩ ጽሑፍ ክፍል ሰው አለ። ልጅቷ አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች። አባትሽን አውቀዋለሁ ልላት እፈልጋለሁ።» የእጅ ጽሑፋቸው ስለማያምር እኔ እንድጽፍ ነው። እስክሪብቶውን ያዝኩ፤ ቀኑን ጻፍኩ። ከዚያ አልሄድ አለኝ።

ነገርኳቸው። የአባቴ ስም መሆኑን፣ ዝርዝር የሚባል አለመኖሩን፣ ታሪካቸውን ገልብጬ ከእሳቸው ሐሳብ ተቃራኒ እንዲቆም ማድረጌን። ጠረጴዛው ላይ እያየሁ ነው የነገርኳቸው።

መጀመሪያ የጠየቁኝ «አባትህ ደህና ናቸው?» ብለው ነው።

«ደህና ናቸው።»

«ተመስገን።» ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጠፉት። ስድብ ጠብቄ ነበር፤ ብሰደብ በወደድኩ። «ያቺ የክፍልህ ልጅ ናት ስሙን የጠየቀችህ?» አሉ።

«አዎ።»

«ከዚያ ሁሉ ሰው እሷ ብቻ ናት የጠየቀችው። እኔ እንኳ ሳልጠይቀው ነው ያደርኩት።» ተነሱ። «ለካህኑ እኔ እነግራቸዋለሁ። አንተ ለእሷ ንገራት። አይታወቅም በላት። በቃ፣ ይሄን ብቻ ንገራት።»

እሳቸው ለካህኑ ነገሩ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ትተው መሄዳቸውንም ጭምር። ያን የሚያክል ነገር ለመናዘዝ ሰው ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት አላውቅም፤ እሳቸው ግን በእኔ ውሸት ምክንያት በአንድ ቀን ተገደዱ። ካህኑ «እኛ ባናውቀው እግዚአብሔር ያውቀዋል» ብለው እንደጸለዩ ሰምቻለሁ። ጋሼ በወሩ መጨረሻ ኦክላንድ ክፍል ተከራይተው ወጡ። ሥራ ይቀርበኛል ነው ያሉት። ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ሽንኩርት ግን ከዚያ በኋላ አብረን አልላጥንም።

እኔስ? ሁለት ክፍለ ጊዜ ቀርቶ ነበር። በሁለቱም በሩ አጠገብ ተቀመጥኩና መምህሩ «ጨርሻለሁ» ሲል ከእሷ ቀድሜ ወጣሁ። «ኤ» አገኘሁ። ሳን ሆዜ ገባሁ።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ከሰዓት ባቡር ላይ ሳለሁ ፍሩትቬል ላይ ተሳፈረች። የሆስፒታል የሥራ ልብስ ለብሳለች፤ ወዲያው አወቀችኝ፣ እየሳቀች አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ትምህርት አወራን። እንግሊዞቹ ታንካቸውን ምን እንዳደረጉት ታውቃለህ? አለችኝ፤ አላውቅም አልኳት፣ ሁለታችንም ሳቅን። አሁን ልንገራት እያልኩ በልቤ ቃሉን አዘጋጀሁ። አይታወቅም፤ አንድ ቃል ነው። እሷ ቀደመችኝ።

«ያን ወታደር አልረሳሁትም» አለች። «እኛ ቤት በኖቬምበር መጀመሪያ ለሙታን ጠረጴዛ እናሰናዳለን። የአያቶቼ ፎቶ አለ፣ የሚወዱት ምግብ አለ። የእሱን ፎቶ ስለሌለኝ ስሙን በወረቀት ጽፌ አስቀምጥለታለሁ። ቤተሰቡ ሩቅ ነው ብዬ። እናቴም አሁን ለምዳዋለች፣ ሻማ ታበራለታለች።»

ከዚያ የአባቴን ስም ጠራችው። ቀስ ብላ፣ ፊደል በፊደል እየጠበቀች፣ ብዙ እንደተለማመደችው ያስታውቅባት ነበር።

«ልክ ነው የጠራሁት?» አለችኝ።

«ልክ ነው» አልኳት።